በደሴ 3,200 ብር፣ በኮምቦልቻ 60 ብር፦ የአንዲት ፊውዝ ጉዳይ

ደሴ ሄዳችሁ መኪና ለመከራየት ያሰባችሁ የውጭ አገር ነዋሪዎች ይህን ብታነቡት አይከፋም። ያረፍንበት ሆቴል ደህና ነው፤ ሙቅ ውኃ አለው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲበረታም ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሰጣሉ። መኪናውንም በሰዓቱ ተረክበናል። ያንገበገበኝ ጋራዡ ነው።

ሾፌራችን የላላ ጎማ ሊነፋ ብሎ ትንሿን የኤሌክትሪክ መንፊያ የሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካት። በዚያው መሰኪያ ላይ የእኔና የእናቴ ስልኮችም ተደርበው ነበርና ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ። ፊውዝ ተቃጠለ፣ በቃ። ጀርመን ቢሆን ከነዳጅ ማደያ አንዷን ገዝቼ ራሴ እቀይራት ነበር።

ጠዋት የገባንበት ጋራዥ ማታ ለቀቀን። በመጀመሪያ «መስመሩ ይፈተሽ» ተባለ። ቀጥሎ «ሶኬቱ ሞቷል»፤ ከዚያ «ዕቃው ከሰኞ ገበያ እየመጣ ነው»። ዕቃው በእግሩ ይመጣ ይመስል ሰዓታት አለፉ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትቆዝም ዋለች። ዋጋውን አስቀድሜ ስጠይቅ መካኒኩ «ግድ የለም እህቴ፣ በሒሳብ አንጣላም» አለኝ። አልተጣላንም፤ 3,200 ብር አስከፈለኝ። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «የኤሌክትሪክ ሥራ» የሚል ብቻ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ አሳየኝ ብለው «ተጥሏል» አለ። በምኖርበት አገር መካኒክ ውድ ነው፤ ግን ዋጋውን ሳይነግር ብሎን አይፈታም።

በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ያው ጎማ ደግሞ ላላ። መንፊያዋ እንደተሰካች የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሶኬቱ ጣት አያስነካም ነበር። ነቅለን፣ ቀስ እያልን ከተማ ገብተን፣ አንዲት ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆምን። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ድንጋጤዬን አይተው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ የወሎ ሰው እንዲህ ሲለኝ ግማሽ ንዴቴ በረደ።

ከመሪው በታች ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈቱ። ክዳኑ ላይ ለሲጋራ መለኮሻው 15 ተብሎ ተጽፏል። የተሰካው ግን አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። «ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ትልቅ ስታደርጊበት ሽቦው ይቀድማል» አሉኝ። የመንፊያዋን መሰኪያ ጫፍ ፈትተው ደግሞ ከውስጥ ቀጭን የመስታወት ፊውዝ አወጡ። ተቃጥሎም ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል! ማን እንደጠቀለለው አላየሁም፤ የደሴው ባለሙያ ያንን ጫፍ ሲፈታና ሲገጥም ግን አይቻለሁ።

ሰማያዊውን 15 ሰኩልኝ፤ እግሩ ከድሮው ጋር እንዲገጥም ከትንንሾቹ መርጠው። ለመስታወቱም በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር አንብበው አቻውን ሰጡኝ። መንፊያዋ 120 ዋት ናት፤ በ12 ቮልት ብቻዋን 10 አምፔር ትስባለች። ስለዚህ ስትሠራ ሌላ ነገር እንዳይደረብባት፣ ጎማው ብዙ አየር የሚፈልግ ከሆነም ከባትሪው ላይ በቀጥታ በመቆንጠጫ የሚሠራ መንፊያ እንድንጠቀም መከሩን። ሁሉም ከመጠባበቂያ ጋር 60 ብር። የእጅ ዋጋ ብዬ ብዘረጋ «ለፊውዝ?» ብለው ሳቁብኝ፤ ጭራሽ ምሳ ሳትቀምሱ አትሄዱም ብለው እናቴን ያዟት።

እንግዲህ ጋራዥ ስትገቡ ዋጋውን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ የወጣውን ፊውዝ በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ቁጥሩንም ከክዳኑ ጋር አስተያዩ። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20 ነው። «ይህኛው ጠንካራ ነው፣ አይቃጠልም» የሚላችሁን አትስሙ። አከራዩ የ3,200 ብሩን ግማሽ እንዲጋራኝ ደረሰኙን ልኬለት ነበር፤ «የኤሌክትሪክ ሥራ» ምን ማለት እንደሆነ እንዳብራራለት ጠይቆኛል።