ደሴ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል
በወሎ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ወደ ደሴ በመጣሁ ጊዜ በደላላ አማካይነት የተከራየሁት ክፍል፣ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ጸጥታውና የአከራዬ ደግነት ለጥናት እጅግ ተስማምተውኛል። ይሁን እንጂ ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ቆጣሪውም የጋራ በመሆኑ የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ አይጠፋም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት በኅዳር ሌሊት ነው (ቆላ ላደገ ሰው አንድ ጋቢ አይበቃውም)። ስለዚህ ክፍል የምታዩ ተማሪዎች ከግድግዳው ቀለም በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። የምሕንድስና ተማሪዎች ግን ትምህርታቸው ኮምቦልቻ በመሆኑ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየዕለቱ ከመመላለስ እዚያው ቢከራዩ ይሻላቸዋል።