የዳርዊን ጥቁር ሳጥን፦ አስቀድሞ ሳይፈርድ መመርመር ለሚሻ አንባቢ

ስለ ኢንተለጀንት ዲዛይን (ሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ የሚታየው ውስብስብነት አዋቂ ነዳፊ እንዳለ ያሳያል ስለሚለው ሐሳብ) በግሉ ማንበብ የጀመረ ሰው የሚቸገረው ጽሑፍ በማጣት ሳይሆን፣ ከሚያገኛቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ወግነው በመነሣታቸው ነው። አንዱ ወገን ሐሳቡን «የሳይንስ ካባ የደረበ ሃይማኖት» ብሎ ሳይመረምረው ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ ዝግመተ ለውጥን ያበቃለት ንድፈ ሐሳብ አድርጎ ያቀርባል። በዚህ መሐል ጉዳዩን ከማስረጃው ተነሥቶ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው የትኛውን መጽሐፍ አስቀድሞ ይግዛ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የእኔ ምርጫ አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ምሁር ማይክል ቢሂ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው «የዳርዊን ጥቁር ሳጥን» ነው። ይህን ስል በመደምደሚያው እስማማለሁ ማለቴ አይደለም፤ አልስማማም። የምመርጠው ሊፈተን የሚችል፣ ማስረጃ ሊቀርብለትም ሊቀርብበትም የሚችል ነገር በግልጽ ያስቀመጠ መጽሐፍ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዚህ መስክ ብዙ አይገኝም።

የሚገዛው ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን የዐሥረኛ ዓመት እትም ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ደራሲው የተሰነዘረበትን ትችት ከሰማ በኋላ የጻፈው ድኅረ ቃል የታከለው በዚህኛው ነው። መጽሐፉ በሦስት ክፍሎችና በዐሥራ አንድ ምዕራፎች የተዋቀረ ሲሆን፣ ርእሱ የሚያመለክተው በዳርዊን ዘመን ሕዋስ የሚሠራው ሥራ እንጂ ውስጡ ያለው አሠራር የማይታወቅ ነገር እንደነበር ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ሥራው፣ በብዙ ተከታታይና ጥቃቅን ለውጦች ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል አንድ ውስብስብ የአካል ክፍል መኖሩ ቢረጋገጥ ንድፈ ሐሳቡ እንደሚፈርስ ራሱ ጽፎ ነበር። ቢሂ ይህንኑ መሥፈርት ይቀበልና፣ ክርክሩን ከዓይንና ከክንፍ አንሥቶ ፕሮቲኖች ወደሚሠሩበት ደረጃ ያወርደዋል።

የመጽሐፉ አስኳል «የማይቀነስ ውስብስብነት» የሚለው ሐሳብ ነው። በደራሲው ትርጓሜ መሠረት አንድ ሥርዓት እንዲህ የሚባለው፣ እርስ በርሳቸው ተጣጥመው አንድ መሠረታዊ ተግባር ከሚያከናውኑ በርካታ ክፍሎች የተሠራ ሆኖ፣ ከእነዚህ ክፍሎች አንዱ ሲወጣ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ከሆነ ነው። ምሳሌው የታወቀው የአይጥ ወጥመድ ሲሆን አምስት ክፍሎች አሉት፦ ሁሉም ነገር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ እንጨት፣ አይጧን የሚመታው ብረት፣ ብረቱን የሚወረውረው ሞላ፣ ብረቱን ወደ ኋላ ወጥሮ የሚይዘው ዘንግ እና ሲነካ ዘንጉን የሚለቀው ማስነሻ። ሞላው ቢጎድል ወጥመዱ ጥቂት አይጦችን ብቻ የሚይዝ ሆኖ አይቀርም፤ ጭራሽ አይይዝም። ተፈጥሯዊ ምርጫ ሊመርጥ የሚችለው አሁን የሚሠራን ነገር ስለሆነ፣ ቢሂ እንደሚለው ክፍሎቹ ሁሉ እስኪሟሉ ድረስ የሚመረጥ ነገር አይኖርም።

ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት አምስት ምዕራፎች ይህን ሐሳብ በሕዋስ ውስጥ የሚፈልጉ ናቸው፤ ለእኔም የመጽሐፉን ዋጋ የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። በተለይ ስለ ደም መርጋት የተጻፈው ምዕራፍ፣ አንባቢው በንድፍ ቢያምንም ባያምንም በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። በደማችን ውስጥ ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ሟሙቶ ይዞራል፤ ቁስል ሲፈጠር ትሮምቢን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ጫፎቹን ይቆርጥና ወደ ፋይብሪን ይለውጠዋል፤ የፋይብሪን ክሮችም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ደሙን የሚይዝ መረብ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ትሮምቢን ሁልጊዜ ንቁ ቢሆን ኖሮ ደሙ በሙሉ በሥሮቻችን ውስጥ በረጋ ነበር፤ ስለዚህ የሚዞረው ፕሮትሮምቢን በሚባል ያልነቃ መልኩ ነው። እርሱን ደግሞ የሚያነቃው ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ያም ራሱ በሌላ ካልነቃ አይሠራም። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ስምንተኛው ፋክተር የሚባለው አንዱ ብቻ ሲጎድል ሄሞፊሊያ የተባለው የመድማት ሕመም ይከተላል። ቢሂ ይህን ሰንሰለት ሲተርክ ችኮላ የለበትም፤ የኬሚስትሪው ዝርዝር የሚጠነክርባቸውን ክፍሎች በምልክት ለይቶ ስላስቀመጠም፣ ያልደፈረ አንባቢ ዘሎ ማለፍ ይችላል። እኔ ግን አለመዝለልን እመክራለሁ፤ የክርክሩ ሁሉ ክብደት ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነውና።

ባክቴሪያ የሚዋኝበት ፍላጀለም የሚገኝበት ምዕራፍ የበለጠ ዝናን ያተረፈ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከለ ሞተር፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ መንጠቆ መሰል መገጣጠሚያ፣ ከዚያም እንደ ሞተር ጀልባ ፕሮፔለር የሚሽከረከር ረጅም ጭራ አለው፤ ኃይሉን የሚያገኘው በብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከሃይድሮጂን አዮኖች ፍሰት ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ዙር ሊዞር ይችላል። ይህን ሥዕል ያየ ሰው «ይህማ ሠሪ አለው» ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ያ ስሜት ማስረጃ ነው ወይ የሚለው ነው፤ መጽሐፉም ሌሎች ምንጮች አጠገቡ ካልተቀመጡ ብቻውን የማይበቃው እዚህ ላይ ነው።

የብራውን ዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ መምህር ኬኔት ሚለር (እንደ ቢሂ ሁሉ ካቶሊክ መሆኑ ጠቡ የአማኝና የኢአማኝ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል) ያነሣው ተቃውሞ ሥርዓቱ ላይ የሚያነጣጥር ነው። አንዳንድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ወደ ሌላ ሕዋስ ፕሮቲን የሚያስገቡበት መርፌ መሰል መሣሪያ አላቸው፤ የዚህ መሣሪያ በርካታ ፕሮቲኖች ከፍላጀለም ሥር ካሉት ጋር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የፍላጀለም ከፊል ክፍል ለመዋኘት ባይጠቅምም ለሌላ ተግባር ሊጠቅም ይችላል። ሚለር ነገሩን ለማስረዳት ማስነሻውና ዘንጉ የወጡለትን የአይጥ ወጥመድ እንደ ክራቫት መያዣ አድርጎ ለብሶ ታይቷል። የቢሂ ደጋፊዎች መርፌው ከፍላጀለም በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል ብለው ይመልሳሉ፤ መልሱ ከንቱ አይደለም፣ ነገር ግን ዋናውን ነጥብ አይነካም። የቢሂ ትርጓሜ የሚለካው አንድን ተግባር ብቻ ነው፤ ዝግመተ ለውጥ ደግሞ ክፍሎች ተግባራቸውን እየለወጡ እንደሚሄዱ ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምር የቆየ ንድፈ ሐሳብ ነው። ከዚህም በላይ የዘረመል ተመራማሪው ኸርማን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1918፣ መጀመሪያ ጠቃሚ ብቻ የነበረ ክፍል ሌሎቹ በእርሱ ላይ ሲገነቡ በኋላ የግድ አስፈላጊ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ነበር። ቢሂ የችግሩ ምልክት አድርጎ የወሰደውን ነገር ሙለር መጽሐፉ ከመውጣቱ ከሰባ ስምንት ዓመታት በፊት የሂደቱ ተጠባቂ ውጤት ብሎታል።

ለፍትሕ ሲባል ግን ተቺዎቹም መመርመር አለባቸው። በደም መርጋት ጥናት አንቱ የተባለው ረሰል ዱሊትል፣ ሁለት የደም መርጊያና ማሟሚያ ፕሮቲኖች በአንድነት የጎደሏቸው አይጦች ጤናማ እንደሆኑ በመጥቀስ ለቢሂ መልስ ሰጥቶ ነበር። ቢሂ የተጠቀሰውን ጥናት አውጥቶ ሲያሳይ አይጦቹ ከማሟሚያው ፕሮቲን ጉድለት ችግር ቢድኑም ደማቸው የማይረጋ መሆኑ ተገኘ፤ በዚያ ነጥብ ላይ ትክክለኛው ቢሂ ነበር። እንዲሁም ዶልፊን ዐሥራ ሁለተኛው ፋክተር የተባለው የመርጊያ ፕሮቲን ሳይኖራት ደሟ ይረጋል የሚለው ተደጋጋሚ ተቃውሞ የሚታሰበውን ያህል አይመታም፤ ቢሂ በመጽሐፉ ክርክሩን የወሰነው መርጋትን የሚያስጀምሩት የሰንሰለቱ ሁለት መንገዶች ከተገናኙበት በታች ባሉት ክፍሎች ላይ ነውና። ከዚህ የሚጠነክረው እ.ኤ.አ. በ2008 ዱሊትልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው፦ መንጋጋ በሌለው ላምፕሬይ በተባለ የውኃ እንስሳ ዘረመል ውስጥ ከእኛ ያነሱ ክፍሎች ያሉት የመርጋት ሥርዓት መኖሩን አሳይተዋል። ይህም ሰንሰለቱ ደረጃ በደረጃ አደገ ከሚለው ጋር ይስማማል።

ዕድሜ ክፉኛ የተጫነው ምዕራፍ ስለ በሽታ መከላከያ ሥርዓት የሚናገረው ስድስተኛው ነው። ቢሂ እዚህ ላይ የሳይንስ ጽሑፎች ስለ ሥርዓቱ አመጣጥ መልስ እንደሌላቸው በድፍረት ይናገራል። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የጸረ እንግዳ አካል ጂኖችን እየቆረጡ የሚያገጣጥሙት ራግ የተባሉ ፕሮቲኖች በቤተ ሙከራ እንደ ዘላይ ጂኖች (በዲኤንኤ ውስጥ ከቦታ ቦታ እየተነቀሉ እንደሚገቡ ቁርጥራጮች) መሥራት እንደሚችሉ ታየ፤ ይህም ሥርዓቱ ከጥንት ዘላይ ጂን የመጣ ነው ለሚለው መላምት ድጋፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ላንስሌት በተባለች ትንሽ የባሕር እንስሳ ውስጥ የዚሁ ዘላይ ጂን ዘመድ ዛሬም ንቁ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት የዶቨር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ኢንተለጀንት ዲዛይን በባዮሎጂ ክፍል እንዲጠቀስ በማድረጉ እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው ችሎት ቢሂ ሲመሰክር፣ ስለ በሽታ መከላከያ ሥርዓት ዝግመተ ለውጥ የተጻፉ 58 ጥናታዊ ጽሑፎች ፊቱ ተደርድረው በቂ አይደሉም ሲል መልሷል። ዳኛው ጆን ጆንስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን በሰጡት ባለ 139 ገጽ ፍርድ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም ብለዋል። እኔ የሳይንስን ጥያቄ በፍርድ ቤት ውሳኔ መደምደም አይዋጥልኝም፤ የምስክርነቱ ቃል ግን መነበብ አለበት፤ የአንድ ሐሳብ ባለቤት ሐሳቡን ምን ሊያስጥለው እንደሚችል ተጠይቆ ሲመልስ ከማየት የበለጠ ለመርማሪ አንባቢ የሚጠቅም ነገር የለም።

የመጽሐፉ ትልቁ ድካም ግን በዘጠነኛው ምዕራፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢሂ «ይህ እንዴት እንደመጣ ገና አልተብራራም» ሲል ይቆይና፣ ድንገት «ስለዚህ ተነድፏል» ወደሚለው ይሻገራል። ንድፍን «ክፍሎች ለዓላማ መደርደራቸው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሆኖም ነዳፊው መቼ፣ በምን መንገድ፣ በየትኛው ሕዋስ ላይ እንደሠራ የሚጠበቅ ነገር አያስቀምጥም። ዓላማ መኖሩ የሚታወቀው ከምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መልሱ ተመልሶ የክፍሎቹ መጣጣም ይሆንበታል። እርሱ ራሱ ደግሞ ቀጥተኛ ያልሆነ የዝግመተ ለውጥ መንገድ ፈጽሞ አይቻልም እንደማይባል፣ ውስብስብነቱ በጨመረ ቁጥር ግን እየራቀ እንደሚሄድ በሐቀኝነት ጽፏል። ይህች አንቀጽ በደጋፊዎቹ ዘንድ ብዙም ስትጠቀስ አልሰማሁም።

ብዙ ገዢዎችን የሚያስገርመው ሌላ ነገር ቢሂ ምድር በቢሊዮን የሚቆጠር ዕድሜ እንዳላት መቀበሉና፣ ፍጥረታት ሁሉ ከአንድ የጋራ ዘር መውረዳቸውን አሳማኝ ማግኘቱ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ስድስት ቀናት ላይ ማስረጃ ፍለጋ የሚገዛው ሰው እንግዲህ አያገኝም። በሌላ በኩል ቢሂ ባስተማረበት በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ያሉ ባልደረቦቹ፣ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን አክብረው፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንሳዊ መሠረት የለውም የሚል መግለጫ አውጥተዋል። ሁለቱንም አውቆ መግዛት ይሻላል።

አጻጻፉ ግልጽ፣ አንዳንዴም ቀልደኛ ነው፤ የምዕራፍ ርእሶቹ ከሳይንስ መጽሐፍ የሚጠበቁ አይደሉም። ሥዕሎቹ ጥቂት ሲሆኑ የደም መርጋትን ሰንሰለት የሚያሳየው ግን ጊዜ ወስዶ ቢታይ የሚጠቅም ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የሕይወት ኬሚስትሪ አባሪ ስለ ፕሮቲንና ስለ ዲኤንኤ መሠረታዊውን ስለሚያስረዳ፣ ትምህርቱ የራቀበት ሰው ከዚያ ቢጀምር ይቀለዋል። ስምንተኛው ምዕራፍ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጡትን ጽሑፎች ቆጥሮ የሚፈለገው ዓይነት ማብራሪያ አልተገኘም የሚል ስለሆነ፣ ዛሬ በፍጥነት ቢታለፍ የሚጎዳ አይደለም።

እንግዲህ መጽሐፉን የምመክረው እርሳስ ይዞ ለሚያነብ ሰው ነው። አባሪውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ ማንበብ፤ ዘጠነኛውን ከመክፈት በፊት የሚለርን ተቃውሞና የዶቨርን ችሎት የምስክርነት ቃል መመልከት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠነኛው ተመልሶ የ2006ቱን ድኅረ ቃል መጨረሻ ላይ ማድረግ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት ዐቅም ያለውና ሌላ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ግን ይህን ባይገዛ ይሻለዋል።