«ሞዲፋይ እናድርግልህ» ብለው የአባቴን ሞተር በሉኝ፤ አሮጌ ሞተር ያላችሁ ተጠንቀቁ

ወገኖች፣ ጓሮ የቆመ አሮጌ ሞተር ካላችሁ፣ በተለይ የድሮ ያማሃ ወይም ቬስፓ፣ «አዲስ አስመስለን እንሥራልህ» የሚል ጋራዥ ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ትንሽ ትረዝማለች። ቢሆንም እኔ ሰማንያ ሺህ ብር ከፍዬ ያወቅኩትን በነፃ ነው የማካፍላችሁ። የጋራዡን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳያችን ገና አላለቀም።

የምንኖረው ዓለም ገና ነው። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ይሠራበት የነበረው ፕሮጀክት ሲዘጋ ንብረቱ በጨረታ ወጣና፣ ለዓመታት ሲነዳት የኖረችውን ያማሃ ኤጂ መቶ ራሱ ገዛት። ገጠር ያደገ ሰው ኤጂን ያውቃታል፤ የጤናውም የእርሻውም ባለሙያ በእሷ ነበር የሚመጣው። ለውበት አልተሠራችም። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አላት፣ ካቴናዋ ዙሪያውን በሽፋን ተዘግቷል፣ ፍሬኖቿ ታምቡር ናቸው። ስሟ መቶ ይባል እንጂ ኢንጅኗ 97 ሲሲ ነው። (እኛ አገር ሳይክሉም «ሞተር»፣ ሆዱ ውስጥ ያለውም «ሞተር» ስለሆነ፣ እንዳይምታታ ሆዱ ውስጥ ያለውን ኢንጅን እያልኩ ልቀጥል።)

አባቴን ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሦስት ክረምት ቆመች። አምና እኔ አወጣኋት። ስንት ጊዜ ረግጬ ተነሳች፤ ጭሷ ግቢውን ሞላው። ትሄዳለች፣ ጉልበት ግን የላትም፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ታቃስታለች። አንድ የሰፈር ደላላ «የምታውቀው ጋራዥ የለህም? ና» ብሎ ወሰደኝ።

የጋራዡ ልጅ ትሁት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ካንዴላ አልፈታም። ማርሚታ (የጭስ መውጫውን) አልነካም። አንዴ ረግጦ አስነሳት፣ ጭሱን አየ፣ አጠፋት። «ብሮ፣ ይቺ ሞታለች» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኝ ጀመር፤ ዝቅ ያለ መሪ፣ ጠፍጣፋ ቡናማ ወንበር፣ ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ፣ «ካፌ ሬሰር» ይሉታል። እውነት ለመናገር ልቤ ሄደ። የዋጋው ነገር ሰማንያ ሺህ፣ ግማሹ ቀብድ፣ ኢንጅኑ «ኦርጅናል የጃፓን»፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል። በመጨረሻ እንደ ቀልድ ጣል ያደረጋት ነገር ነበረች፦ «አሮጌው ብረት እኛ ጋ ይቀራል፤ ምን ያደርግልሃል፣ ቆራሌው እንኳ አይገዛህም።» እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ያቺን ቀልድ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለት ሳምንት የተባለው ሰባት ሆነ። ስረከባት ግን፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ታምራለች። ጥቁር ማት ቀለም፣ ክብ መብራት፣ የተቆረጠች ማርሚታ። የሰፈር ልጆች ከበቡኝ፣ ፎቶ ተነሱባት። አባቴ ከበረንዳው ሆኖ አያት አያትና «ዕቃ የት ላይ ትጭናለህ?» ብሎ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ችግር ነው። ኢንጅኑ ላይ 162ኤፍኤምጄ የሚል ተቀርጿል። ይህን ማንበብ ልመዱ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የቻይና ኢንጅኖች አጠራር ነው። መጀመሪያ ያለው 1 ሲሊንደሩ አንድ ነው ማለት ነው፣ 62 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ ጄ 150 ሲሲ። 156ኤፍኤምአይ የሚል ካያችሁ ደግሞ 125 ሲሲ ነው። ብዙዎቹን ሆንዳ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) ሲጂ 125 ብሎ ያወጣትን የምትጠገን፣ የምትችል ኢንጅን እየገለበጡ ነው የሚሠሯቸው። ቻይና ነው ብዬ አልነቅፍም፤ አገሩ ሁሉ በእነሱ ነው የሚሄደው። ግን የጃፓን ተብሎ የጃፓን ዋጋ ተከፍሎበታል፣ ደግሞ ያለ ቦታው ነው የገባው።

እንዴት እንዳስገቡት በኋላ ወንበሩን ፈትቼ አየሁ። የድሮው ኢንጅን የተቀመጠበትን የሻንሲ (የሞተሯ የብረት አጥንት) ክፍል በግራይንደር ቆርጠው ላሜራ በየዱበት። ብየዳው እንደ ሻማ እንባ የተንጠባጠበ ነው። የፊቱ ጥርስና የኋላው ጥርስ አንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ የጣት ውፍረት ያህል ይተላለፋሉ። ካቴና እንዲህ ጠሞ ሲዞር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይወልቃል። የእኔ በመጀመሪያው ወር አራቴ ወለቀ፣ አንዴ የኋላ ጎማውን ይዞት ከአይሱዙ ፊት አንሸራተተኝ። ፍሬኑ ደግሞ ያው ለ97 ሲሲ የተሠራው ታምቡር ነው፤ ለ150 ይሁን ብለው ዝም አሉት።

የካቴናውን ሽፋን «አያምርም» ብለው ጥለውታል። እኔ የምነዳው ወደ ተፍኪ ነው፤ በ2011 አዲስ አበባ ሞተር ላይ ገደብ ካደረገች ወዲህ ወደ መሃል ከተማ መግባት ትቻለሁ። የበቾን ዋልካ በሐምሌ ያየ ሰው ያ ሽፋን ለምን እንደተሠራ አይጠይቅም። ጭቃው ካቴናው ውስጥ ገብቶ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚፈጨው። መሪውም ያው ነው። ካፌ ሬሰር የሚባለውን የፈጠሩት የለንደን ወጣቶች በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከካፌ ካፌ በአስፋልት የሚሽቀዳደሙ ነበሩ፤ የትራያምፍን ኢንጅን ኖርተን ሻንሲ ላይ ገጥመው «ትራይተን» ብለው ይነዱ ነበር። ለእነሱ ጎንበስ ማለት ፍጥነት ነው። ለእኔ ከኮብል ስቶን ወደ ኮረኮንች ስወርድ ወገብ ማጉበጥ ብቻ ነው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ይቻላል እንበል። ዋናው ጉድ የመጣው ቦሎ ላሳድስ ስሄድ ነው።

መርማሪው ሊብሬውን በአንድ እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። የሻንሲ ቁጥር እሷ ላይ የተቀረጸው መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ነው። በስልኩ መብራት ፈለገ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ቀና ብሎ «ቁጥሩ የታለ?» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ልስልስ ያለ ጥቁር ቀለም ብቻ። ቀለሙ እንዲያምር አንገቷን በስቱኮ ሞልተው፣ አሽተው፣ ቀብተውታል! በቁልፍ ጫፍ ስፍቀው ነጭ ዱቄት እየረገፈ ሁለት ቁጥር ብቅ አለ፣ ሦስተኛው በግራይንደር ተበልቷል። የኢንጅኑ ቁጥርማ ከሊብሬው ጋር ምንም አይገናኝም። መርማሪው አልተቆጣኝም። «ኢንጅኑ በሕጋዊ መንገድ የገባበትን ዴክላራሲዮን አምጣ፣ ቅየራውም መመዝገብ ነበረበት» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል አለ፤ አንድ ሞተር የሚታወቀው በሻንሲውና በኢንጅኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በእጃችሁ ያለው የተሰረቀ ሊመስል የሚችል ብረት ነው።

ጋራዡ ጋ ተመለስኩ። ደረሰኝም ዴክላራሲዮንም የለም። የተሰጠኝ መልስ «አትጨነቅ፣ ትንሽ ጨምርና ቁጥሩን እኛ እናስመታልሃለን» የሚል ነው። እዚህ ላይ ነቃሁ። ቁጥር ማስመታት ማለት የሻንሲ ቁጥር መፎረጅ ማለት ነው፤ ወንጀሉ የማን ስም ላይ እንደሚቀር ደግሞ ግልጽ ነው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰውዬ ላይ። እንዲህ የሚላችሁ ሰው ካለ ሞተራችሁን እየገፋችሁም ቢሆን ውጡ።

ቆይቼ አየር ጤና አካባቢ ያሉ፣ ድሮ የአባቴን ሞተር ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ታሪኩን በትዕግሥት ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ማርሚታውን አውጥቶ አሳይቶህ ነበር?»

«የለም ጋሼ።»

«ልጄ፣ ኤጂ ካልጨሰች ነው መፍራት።»

ቱ ስትሮክ ኢንጅን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚያቃጥለው፣ ስለዚህ ጭስ ተፈጥሮው ነው። ያማሃ ላይ ዘይቱ በራሱ ጋን ይቀመጣል፤ አውቶሉብ የሚሉት ትንሽ ፓምፕ በኢንጅኑ ዙርና በምትሰጡት ነዳጅ ልክ እየመጠነ ያጠጣል። ያ ዘይት በዓመታት ማርሚታው ውስጥ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ጥቀርሻው ሲሞላ ኢንጅኑ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ከፍ ያለ ማርሽ ላይ ያቃስታል። ልክ የእኔ ያደረገችውን። መድኃኒቱ ማርሚታውን አውጥቶ ውስጡን መፋቅ ነው። ያ ካልሆነ የክራንኩ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ደርቆ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ጎሚኒ መቀየር ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው አሉኝ። ሞታለች የተባለችው ሞተር አፍንጫዋ ተደፍኖ ነበር ማለት ነው።

አሁን ሞዲፋይ አታድርጉ እያልኩ አይደለም። ሰው የራሱን ዕቃ እንደፈለገ ያድርግ። እኔ የምለየው በቡሎን የሚገባውንና በብየዳ የሚገባውን ነው። መሪ፣ ወንበር፣ መብራት፣ እስፖኪዮ፣ እነዚህን ዛሬ ቀይራችሁ ነገ ሲሰለቻችሁ የድሮውን ትመልሳላችሁ፤ እሱንም ሆነ ሞተሩን አላጣችሁም። ግራይንደር የነካው ግን አይመለስም። ቬስፓ ያላችሁማ ይበልጥ ልብ በሉ። ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ከወጣች ጀምሮ የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ያ የምታዩት ላሜራ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። «ወለሏን ትንሽ ቆርጠን እናሳጥራት» የሚላችሁ ባትላሜራ አጥንቷን ነው የሚቆርጠው።

እንደነበረች መጠበቅም ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ፊቫ የሚባል ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ፤ «ታሪካዊ» የሚለው ሠላሳ ዓመት የሞላውንና እንደ ጥንቱ የተጠበቀውን ነው። እኛም ጋ ቮልስ የሚፈልግ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ስሙት፤ «ኦርጅናል ነው?» ነው የሚለው። የተቦካካ ቮልስ ርካሽ ነው። የድሮ ሞተርም ወደዚያው እየሄደ ነው፣ ጋራዡም ይህን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር።

እንደምንም ማሠራት ካለባችሁ፣ ሞተሯን ከመስጠታችሁ በፊት የሻንሲውንና የኢንጅኑን ቁጥር በደንብ ፎቶ አንሱ። ወረቀት አስደግፋችሁ በእርሳስም አሹት፣ ቅርጹ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ በኋላ የሚከራከራችሁ የለም። አንገቷ ላይ ፕላስተር ለጥፉና «እዚህ ስቱኮ እንዳይነካ» በሉ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ። አዎ ውል፣ ግማሽ ገጽም ብትሆን። የተፈታ ዕቃ በሙሉ፣ ዳዶው ሳይቀር፣ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ወደ ቤት ይምጣ። ኢንጅን የሚቀየር ከሆነ ወረቀቱን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ከሁሉ በፊት ግን ሌላ፣ በዕድሜ የገፋ መካኒክ ያዳምጣት።

ወደዚያች ቀልድ ልመለስ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰበታ ገበያ ውስጥ አንድ ኤጂ ቆማ አየሁ፤ ሁለት ጀሪካን ተጭኖባታል። ሞተሯ የእኔ አይደለችም፣ ቀለሟም ሌላ ነው። የኋላ መጫኛዋ ላይ ግን ግራ ጥጉ በባለ 8 ፌሮ ቁራጭ ተበይዷል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ያንን ፌሮ አባቴ ነው ያስበየደው፤ ልጅ ሆኜ ከኋላው ስቀመጥ ስለት ሆኖ ሱሪዬን ቀዶብኝ ነው ያስቆለመመው። ባለቤቱን ጠበቅኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ አልተደናገጠም። መጫኛውን በደላላ በኩል ከአንድ ጋራዥ በስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር ገዛሁት አለኝ። ቆራሌው የማይገዛውን ብረት። «ኢንጅኑም ነበራቸው» አለ፣ «በሠላሳ አምስት ሺህ ሲሉኝ ተውኩት፣ ሌላ ሰው ወሰደው።»

መጫኛውን በገዛበት ዋጋ ልወስድ ጠየቅኩት፣ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ አለኝ። አልፈርድበትም። ኢንጅኑ ግን አንድ ቦታ አለ። የኤጂ መቶ ኢንጅን ለብቻው የሚሸጥ ሰው ከሰበታም ሆነ ከሶማሌ ተራ ብታዩ ቁጥሩን እዩልኝ፤ ሊብሬያችን ላይ ያለው መጨረሻው 417 ነው። ካገኛችሁት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።