የሸክላ ድስቶቻችንን ስፒከር ላደረጉልን ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ሥራ እንድትሰጧቸው ለመጠቆም ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ ከተጣለ ዕቃ ስፒከር የሚሠሩ አባት አሉ። የድሮ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ናቸው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

እኔና እህቴ አነስተኛ የሽሮና የጀበና ቡና ቤት አለችን። የገዛነው ስፒከር ዕድሜው አጭር ሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። ጓዳችን ውስጥ ከንፈራቸው የተሸረፈ ትልልቅ የሸክላ ድስቶች ተቀምጠው ነበር፤ ለመጣል አሳዘኑን። አንድ ደንበኛችን ስለ ጋሼ ነገረንና ድስቶቹን ይዘን ሄድን።

መጀመሪያ የጠየቁን ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምንከፍት ነው። «ጠዋት ክራርና ማሲንቆ፣ ከሰዓት ትዝታ» አልናቸው። ከዚያ ድስቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ እናቶቻችን ገበያ ላይ ሸክላ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት በጣታቸው አንኳኳቸው። ጥርት ብሎ የጮኸውን ለብቻ፣ ድምፁ የታፈነውን ለብቻ አደረጉ። የታፈነው ስንጥቅ አለበት፤ ባስ (ወፍራሙ ድምፅ) ሲመጣበት ይንጫጫል። «መሸረፉ ግድ የለም፣ ጣውላው ይሸፍነዋል» አሉን።

ቀጥለው ያሳዩንን መቼም አልረሳውም። ከአሮጌ መኪና በር የወጣ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ ባዶውን አስቀምጠው ሙዚቃ ከፈቱ። ቀጭን፣ አጥንቱ የቀረ ድምፅ ነው የወጣው። ሙዚቃው ሳይቋረጥ ያንኑ ስፒከር አንስተው ድስቱ አፍ ላይ ገጠሙት። ባሱ ከየት መጣ ሳንል ቤቱን ሞላው! እህቴ ድስቱን ገልብጣ ማየት አማራት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የስፒከሩ ወረቀት (ፊቱ ላይ የሚርገበገበው ክብ) ወደ ፊት አየሩን ሲገፋ ከጀርባው ይስበዋል። የፊቱና የኋላው ድምፅ ሲገናኙ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ፣ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ማቀፊያው፣ ማለትም ድስቱ፣ የኋላውን አስሮ ያስቀርልናል። ሸክላ ደግሞ ከባድና ደረቅ ስለሆነ እንደ ስስ ቆርቆሮ አብሮ አይንቀጠቀጥም።

ስፒከሮቹን የሚያገኙት ከቆራሌዎች ነው። አይተው አይገዙም፤ ወረቀቱን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው እየገፉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን እየነካ የሚፋቅ ከሆነ ይመልሱታል። ከዚያ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ የስፒከሩ ሁለት የሽቦ ጫፎች ላይ ነካ ያደርጋሉ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ በቀይ ይቀባል። ጥንድ ስፒከር ላይ የአንዱ ሽቦ ተገልብጦ ከተቀጠለ ባሱ ይሸሻል፤ ቤታችሁ ያለው ስፒከር ባስ ከጎደለው ይህንንም አስፈትሹ።

የድስቶቹ አፍ ላይ ክብ ጣውላ ገጠሙ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈኑ፣ ውስጡን ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥ ሞሉበት። በአዲስ የተገዛው አምፕሊፋየሩ፣ ብሉቱዙና የባትሪው መከላከያ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ባትሪው ከተጣለ ላፕቶፕ የወጣ ነው። 18650 የሚባሉት ድንጋዮች ናቸው፤ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 65። እዚህ ላይ ጋሼ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ በጣም ወድጄዋለሁ። እያንዳንዱን ቻርጅ አድርገው ያሳድሩና በቮልት መለኪያ ይለካሉ፤ ኃይሉ የሚወርድበትን አይጠቀሙም። ሦስቱን በተከታታይ ቀጥለው፣ አንዱም ከ4.2 ቮልት በላይ እንዳይሞላ የሚቆርጥ ሰሌዳ አስገቡበት። እባካችሁ ይህን ሥራ ከኢንተርኔት አይታችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ሊቲየም ባትሪ ሲሳሳቱበት ይቀጣጠላል።

አሁን ቡና ቤታችን ውስጥ መብራት ቢጠፋም ሙዚቃው አይቋረጥም። የክራሩ እያንዳንዱ ምት ይሰማል፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር። ለሠርግ ወይም ለትልቅ አዳራሽ ግን አይሆንም፤ ድምፁ በጣም ሲለቀቅ ይሻክራል። ይህን ገና ሳንከፍል ራሳቸው ናቸው የነገሩን። እንዲያውም ለድግስ የሚሆን ትልቅ ስፒከር ፈልጎ የመጣ ልጅ እኛ እያለን «ይህ ለአንተ አይሆንም፣ ተከራይ» ብለው ሲመልሱት ሰምተናል። ገንዘብ እንደሚያስፈልጋቸው ሱቃቸውን ያየ ሰው ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ሊያጣ አይገባም።

ዋጋቸው ተመጣጣኝ አዲስ ስፒከር ከሚጠየቀው ከግማሽ በታች ነው የሆነልን። ግማሹን ቀብድ ትሰጣላችሁ፣ ቀሪውን ድምፁን ሰምታችሁ ስትወዱት። ድስት ብቻ አይደለም፤ ጀሪካን፣ የወተት ቆርቆሮ፣ የአሮጌ ሬዲዮ ሣጥን፣ ቅልም ይሠራሉ። ቅሉ ወፍራምና በደንብ የደረቀ ይሁን። ጀሪካን ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ስለሚርገበገብ ከውስጥ በጣውላ ማጠናከር አለባቸው፣ ዋጋው በዚያ ልክ ይጨምራል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አምናለሁ። ከልብ እናመሰግናለን፤ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ቡናችን ለእርስዎ ሁልጊዜ በነፃ ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። እሁድ አይሠሩም። የምታሠሩበትን ዕቃ አጥባችሁና አድርቃችሁ ውሰዱ፤ ዘይት የጠጣ ሸክላ ላይ ሲሊኮኑ አይይዝም።