አር ሶፍትዌር በዕጣ ባልተመደቡ ጥናቶች ላይ፦ የጂኤልኤም ትእዛዝ ግምገማ

ሕክምናውን ማን እንደሚያገኝ በዕጣ ሳይሆን በሐኪም ውሳኔ ወይም በታካሚው ምርጫ በተወሰነበት ጥናት፣ ለውጡን ያመጣው ሕክምናው ነው ወይስ ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች ከመጀመሪያውም ከሌሎቹ ይለዩ ነበር የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ውጤቱ «ዳነ» ወይም «አልዳነ» ተብሎ በሁለት የሚከፈል ሲሆን ብዙ ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ ሎጂስቲክ ሪግሬሽንን፣ ማለትም የእንዲህ ያለ ውጤት ዕድል ከሕክምናውና ከሌሎች ነገሮች ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገምት የስታቲስቲክስ ዘዴን፣ ይጠቀማሉ። እኔ ይህን ሥራ የምሠራው አር በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ በተለይም ሎጂስቲክ ሪግሬሽንን በሚሠራው ጂኤልኤም በተባለው ትእዛዝ ስለሆነ፣ ግምገማዬ ሶፍትዌሩን በጠቅላላ ሳይሆን ለዚህ አንድ ሥራ ያለውን ብቃት ብቻ ይመለከታል።

አርን የጀመሩት በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ጂኤልኤምም ተጨማሪ ነገር መጫን ሳያስፈልግ አብሮት ይመጣል።

ለመፈተኛ እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታተመውንና በስታቲስቲክስ ትምህርት በሰፊው የሚታወቀውን የኩላሊት ጠጠር ጥናት መረጥኩ። በቀዶ ሕክምና ከታከሙ 350 ሰዎች ውስጥ 273ቱ፣ በጠባብ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ጠጠሩን በማውጣት ዘዴ ከታከሙ 350 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 289ኙ ስኬታማ ውጤት አግኝተዋል። ሕክምናውን ብቻ ለጂኤልኤም ሲሰጡት የቀዶ ሕክምናው ኦድስ ሬሾ (ኦድስ የተሳካላቸው ቁጥር ላልተሳካላቸው ሲካፈል ነው፤ ሬሾው የአንዱ ሕክምና ኦድስ ለሌላው ሲካፈል ነው) 0.75 ይሆናል፤ ማለትም ቀዶ ሕክምናው የከፋ ይመስላል። የጠጠሩ መጠን ሲጨመር ግን ቁጥሩ ወደ 1.4 ገደማ ይወጣና አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ምክንያቱም ትልልቅና አስቸጋሪ ጠጠር የነበራቸው ሰዎች በአብዛኛው ለቀዶ ሕክምና ተመድበው ነበር። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ (ከመረጃው ጋር የሚስማሙ ቁጥሮች ክልል) «ልዩነት የለም» ማለት የሆነውን 1ን ስለሚያካትት ቀዶ ሕክምናው ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ጂኤልኤም ግን ስሌቱን በትክክልና በቅጽበት ሠርቷል። በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ከውጤቱ አቀራረብ ይጀምራል። ትእዛዙ የሚያወጣው የኦድሱን ሎጋሪዝም ስለሆነ ኦድስ ሬሾውን ለማግኘት ተጠቃሚው ራሱ መቀየር አለበት፤ ከቀየረውም በኋላ ቁጥሩ በቀላሉ ያሳስታል። ያለ ሕክምና ከ100 ሰው 40፣ በሕክምና 60 የሚድን ቢሆን የመዳን ዕድሉ የሚያድገው ወደ 1.5 እጥፍ ሲሆን፣ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ነው። ይህን ቁጥር «የመዳን ዕድል ከእጥፍ በላይ ጨመረ» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ስህተት ነው፤ እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችም ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ኦድስ ሬሾ ከውጤቱ ጋር የተያያዘ ሌላ ተለዋዋጭ ወደ ሞዴሉ ሲገባ፣ ያ ተለዋዋጭ በሁለቱ ቡድኖች እኩል የተከፋፈለ ቢሆን እንኳ፣ ይለወጣል። ስለዚህ ኦድስ ሬሾው ስለተለወጠ ብቻ አደናጋሪ ተለዋዋጭ (እንደ ጠጠሩ መጠን ከሕክምናው ምርጫም ከውጤቱም ጋር የተያያዘ ነገር) ተገኘ ማለት አይቻልም።

መፍትሔው በዚያው በአር ውስጥ አለ፤ ግን ፈላጊ ይፈልጋል። ሞዴሉ ከተሠራ በኋላ በመረጃው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቀዶ ሕክምና ቢያገኙ፣ ቀጥሎም ሁሉም ሌላውን ቢያገኙ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር በፕሪዲክት ትእዛዝ ይተነበይና አማካዮቹ ይነጻጸራሉ። ከላይ ባለው መረጃ ይህ ስሌት 82 እና 77 በመቶ ገደማ ይሰጣል፤ ማንም ሐኪም የሚረዳው የአምስት ነጥብ ያህል ልዩነት ነው። ማርጂናል ኢፌክትስ የተባለው ተጨማሪ ጥቅል (በአር ላይ የሚጫን የትእዛዞች ስብስብ) ይህንኑ ከመተማመኛ ክልሉ ጋር በአጭር ትእዛዝ ያወጣል፤ እኔ ከጂኤልኤም ነጥዬ አልጠቀምበትም።

ማችኢት የተባለው ጥቅል ሎጂስቲክ ሪግሬሽንን በሌላኛው አቅጣጫ ይጠቀምበታል። ውጤቱን ሳይሆን ሕክምናውን የማግኘት ዕድልን፣ ማለትም ሮዘንባውም እና ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቁትን ፕሮፔንሲቲ ስኮር ይገምትና ተመሳሳይ ሰዎችን ያዛምዳል። ትልቁ ጥቅሙ ሁለቱ ቡድኖች የማይገናኙበትን ቦታ ማሳየቱ ነው፤ ጂኤልኤም ብቻውን ከሆነ ግን ተመጣጣኝ ሰው በሌለበትም ቦታ ሞዴሉን አራዝሞ መልስ ይሰጣል፣ ማስጠንቀቂያም አያሳይም። ከሕክምናው በኋላ የተለካ፣ በሕክምናው የተለወጠ ነገር እንደ ማስተካከያ ሲገባም በዝምታ ይቀበላል። ያልተለካን አደናጋሪ ደግሞ ከእነዚህ ጥቅሎች የትኛውም አያስተካክልም።

ለጀማሪ ሁለት ወጥመዶችን መጥቀስ ግድ ነው። የውጤቱ ዓምድ በቃላት የተመደበ ፋክተር ከሆነ ጂኤልኤም የመጀመሪያውን ደረጃ እንደ ውድቀት፣ ቀሪውን እንደ ስኬት ይቆጥራል፤ የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ካልተወሰነለት ደግሞ በፊደል ተራ ስለሚሆን የውጤቱ ትርጉም ሳይታወቅ ሊገለበጥ ይችላል። መረጃ የጎደለበትን ረድፍም በራሱ ያስወጣና ያንን የሚናገረው በማጠቃለያው ውስጥ በአንዲት መስመር ነው። በዕጣ ባልተመደበ ጥናት ውስጥ መረጃቸው የጎደለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የሚለዩ ስለሆኑ፣ ይህች መስመር ከኦድስ ሬሾው በፊት መነበብ አለባት።