ዲስድሮሜትር ወይስ ፕሮፋይለር ራዳር? የዝናብን ነጸብራቅ ለመለካት የትኛው ይገዛ?

ሁለቱም መሣሪያዎች በመጨረሻ የሚሰጡት በዲቢዜድ (ጠብታዎቹ ምን ያህል የራዳር ሞገድ እንደሚመልሱ፣ ማለትም የነጸብራቅ፣ ሎጋሪዝማዊ መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ፣ ብዙ ገዢ አንዱን የሌላው ምትክ አድርጎ ያስባል። ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

መሬት ላይ የሚተከለው ዲስድሮሜትር ጠብታ ይቆጥራል። እንደ ፓርሲቬል ያለው የሌዘር ዓይነት 54 ሴንቲሜትር ካሬ በሆነ የብርሃን መጋረጃ ውስጥ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ጠብታ መጠንና ፍጥነት መዝግቦ ነጸብራቁን ከዚያ ያሰላል። ፕሮፋይለሩ፣ ለምሳሌ ኤምአርአር (ማይክሮ ሬይን ራዳር)፣ በ24 ጊጋኸርዝ ሞገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ እያየ ከየከፍታው የሚመለሰውን ኃይል ይለካል።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ነጸብራቅ የሚያድገው በጠብታው ዲያሜትር ስድስተኛ ርቢ ነው፤ ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነ ጠብታ 64 እጥፍ፣ ማለትም 18 ዴሲቤል ያህል የበለጠ ይሰጣል። 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠብታ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ስለሚወርድ፣ ሌዘሩ በአንድ ደቂቃ የሚያጣራው ከ1 ሜትር ኩብ እምብዛም የማይበልጥ አየር ነው። ፕሮፋይለሩ ግን 500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ100 ሜትር ውፍረት፣ ከ10,000 ሜትር ኩብ በላይ በአንድ ጊዜ ያያል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጠብታ መጋረጃውን ስለነካ ወይም ስለሳተ ብቻ የዲስድሮሜትሩ የደቂቃ ንባብ ሊዘል ይችላል። ኃይለኛ ነፋስም ያስቸግረዋል፤ ሁለት ጠብታ አብሮ ሲያልፍም እንደ አንድ ትልቅ ጠብታ ሊቆጥረው ይችላል።

ፕሮፋይለሩም የራሱ ጣጣ አለው። በ24 ጊጋኸርዝ ከባድ ዝናብ ሞገዱን መንገድ ላይ ያዳክመዋል፤ የረጠበ አንቴናም እንዲሁ። የሚያሳስበኝ ግን ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም የመለኪያው ልክነት ነው። የ3 ዴሲቤል ስህተት ነጸብራቁን በእጥፍ ያዛባል፤ በተለመደው የማርሻልና ፓልመር ቀመር (ዜድ = 200 አር^1.6፤ ዜድ ነጸብራቁ፣ አር በሰዓት የሚዘንበው ሚሊሜትር ነው) ሲሰላ ደግሞ የዝናቡን መጠን 1.5 እጥፍ ያህል ያሳስታል። ይህን ስህተት ራዳሩ ራሱ አይነግርዎትም።

በረዶው ቀልጦ ዝናብ የሚሆንበትን ንብርብር ማየት ከፈለጉ ምርጫ የለዎትም፤ ፕሮፋይለር ይግዙ። ገንዘብዎ ለአንድ ብቻ የሚበቃና ጥያቄዎ መሬት ላይ ስለሚደርሰው ዝናብ ከሆነ ግን ያለማመንታት ዲስድሮሜትሩን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ከገዙ ጎን ለጎን ይትከሏቸው፤ ዲስድሮሜትሩ የራዳሩ ማረሚያ ይሆናል። ሲያነጻጽሩ ሰዓቱን አይርሱ፦ ከ500 ሜትር በሰከንድ 5 ሜትር የሚወርድ ጠብታ መሬት የሚደርሰው ከ100 ሰከንድ በኋላ ነው። ለመሬት በጣም የቀረቡትን የራዳሩን የከፍታ እርከኖችም ከንጽጽሩ ያውጡ፤ አይታመኑም።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መሣሪያው ጥሬውን የጠብታ ቆጠራ ወይም ስፔክትረም (የተመለሰው ኃይል በጠብታዎቹ ፍጥነት ተከፋፍሎ) ያስቀምጣል? የተሰላውን ዲቢዜድ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በኋላ የሚያርሙበት መንገድ አይኖርዎትም።