የዲቲዬን ጭስ ላጠፉልኝ መካኒክ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ግን ሞተሬ ከተሠራችልኝ ወዲህ ከሥራ መልስ ቤት አልገኝም። ባለቤቴ "ደግሞ እንደ አዲስ ጎረመስክ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለችኝ። በ1989 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት ሐራጅ ላይ ነው የገዛኋት። ያኔም አሮጌ ነበረች። ሊብሬዋን በስሜ ለማዞር ስመላለስ አንድ ጫማ ጨርሻለሁ። በዚያ ጊዜ ሞተር ማለት ለኛ ጃፓን ነበር። የግብርና ሠራተኛው ያማሃ ኤጂ 100 ይነዳል። ሰንሰለቷ በሙሉ በክዳን የተሸፈነ፣ በግራም በቀኝም ማቆሚያ ያላት፣ ለጭቃ የተፈጠረች ሞተር። ሌላው ሆንዳ ወይም ሱዙኪ ይይዛል። ዲቲ የያዘ ግን ትንሽ ይኮራል። እኔም ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ሥራዬ ሰነድ ማመላለስ ስለነበር ቀኑን ሙሉ መሐል ከተማ ነኝ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር፣ ከለገሃር ሜክሲኮ። ከሁሉም የምወደው ቸርችልን ነው። ማለዳ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቁልቁል ስትጀምሩት መንገዱ እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ድረስ ቀጥ ብሎ ይታያል። ጋዙን ለቀቅ ሳደርገው ዲቲዬ "ድን ድን ድን" እያለች ትወርዳለች። ቱ ስትሮክ ሞተር ቁልቁለት ላይ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ከፖስታ ቤት በላይ ይጥልና ከፖስታ ቤት በታች ደረቅ ይሆናል። ላይ በስብሼ ታች ስደርስ ሰው "የት ወድቀህ ነው?" ይለኛል።

መመለሻው ዳገት ነው። አንድ ቀን የአሁኗን ባለቤቴን፣ ያኔ ገና እጮኛዬን፣ ከኋላ ጭኜ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ስንደርስ ሞተሯ ሳል ጀመራት። ችግር የለም። ከሰርባተዮው፣ ከቤንዚን ታንኩ ሥር በግራ በኩል የቤንዚን መክፈቻ አለ፤ ወደ ሪዘርቭ፣ ወደ መጠባበቂያው ቤንዚን ታዞረዋለህ፣ ትቀጥላለህ። እጄን ሰድጄ ስዳብሰው ለካ ከትናንት ጀምሮ ሪዘርቭ ላይ ነው! በተረከዝ ጫማዋ አብራኝ ገፋች። ከዚያ ወዲህ ከመነሳታችን በፊት ጎንበስ ብላ መክፈቻውን የምታየው እሷ ሆነች።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከተማው ሞተር ላይ ገደብ ሲጥል ዲቲዬን ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሼ አቆምኳት። ለጥቂት ወር ያልኩት ዓመታት ሆነ። ዘንድሮ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጨርሼ ላስነሳት ስል፣ ተነሳች። ግን ጭሱ! ጎረቤት ዕጣን ያጨስን መሰለው እንዳልል ሽታው የዕጣን አይደለም። ሰማያዊ ነጭ፣ ወፍራም ጭስ። ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የላትም።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ልጁ ገና ሞተሩን ሳያዳምጥ "ፒስተን ሄዷል፣ ሲሊንደሩም አይሆንም፣ ይሄ ዕቃ እዚህ ስለማይገኝ ከውጭ ይመጣል" አለኝ። 38,000 ብር። አልተስማማሁም። እሺ ቢያንስ ካርቡራተሩን እጠቡልኝ ብዬ ጥዬ ሄድኩ። ስመለስ ጭሱ ብሶባታል። ሁለት ብሎን ደግሞ ጎድሏል።

ያኔ ነው ሽማግሌው ትዝ ያሉኝ። ድሮ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ከአንድ ጠጅ ቤት ጀርባ፣ የጃፓን ሞተር ብቻ የሚሠሩ መካኒክ ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። ሄድኩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያ ሰፈር አብሮ እንደፈረሰ አውቃለሁ፤ ግን እግሬ ካላየ አላመነም። ሰፊ መንገድና አበባ አገኘሁ። ቆሜ የጠጅ ቤቱ በር የት እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

ያገኘኋቸው ሶማሌ ተራ ነው፤ ማለቴ ወሬያቸውን። ካንዴላ (የሞተሩን እሳት ማስነሻ) ልገዛ ገብቼ ሻጩን ብጠይቀው "ጋሼማ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ ትናንት እዚህ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ" አለኝ። ልቤ ዘለለች።

ሞተሯን በፒካፕ ጭኜ ሄድኩ። ጋሼ አርጅተዋል። መነጽራቸው ወፍሯል። እኔን አላስታወሱኝም፤ ሞተሯን አስታወሱ። "አንተ ልጅ፣ ይቺ የሐራጇ አይደለችም?" አሉ። ልጅ የተባልኩት የ54 ዓመት ሰውዬ ነኝ።

እንግዲህ ሥራቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የምመክራችሁ ስለ ትዝታ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ አንድም ብሎን አልፈቱም። "አስነሳት" አሉኝ። አንድ እጃቸውን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አፍ ላይ ዘርግተው ቆዩ፣ ከዚያ መዳፋቸውን አሸተቱ። ካንዴላዋን አስፈትተው አዩ፤ ጥቁርና እርጥብ ናት። በደህና ሞተር ላይ ቡናማ መሆን ነበረባት። ቀጥለው የማርሹን ዘይት በአንድ የቲማቲም ጣሳ አስቀዱ። ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። ከታች ግን የፈሰሰ ጠብታ የለም።

"ዘይቱ የት ገባ?" ብለው እኔን ጠየቁኝ። እንደ ተማሪ ዝም አልኩ።

መልሱ እንዲህ ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ ወደ ሆዱ፣ ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ወዳለበት ክፍል ይስባል። ያንን ክፍል ከማርሽ ዘይቱ የሚለየው በፍሪሲዮን (በክላቹ) በኩል ያለ አንድ የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲል ነው። ሞተር ለዓመታት ሲቆም ጎማው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚያ ሞተሩ በሳበ ቁጥር የማርሹን ዘይት አብሮ ይጠጣል፣ ያቃጥለዋል። ጭሱ ያ ነው። ፒስተኗ ምንም አልሆነችም። ዲቲዬ በገዛ ዘይቷ ሰክራ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የሰው ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳው መርፌ የማያስገባ ትንሽ ናስ አለ፤ ጂግለር ይሉታል። አንዱ "ጉልበት ይጨምራል" ብሎ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ከቶባታል። ጋሼ ሳቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። አየር ሲያንስ ቤንዚንም ማነስ አለበት እንጂ መጨመር የለበትም፤ አለዚያ ይታፈናል። ሳጥን ሙሉ ጂግለር አላቸው። በአጉሊ መነጽር ቁጥሩን እያነበቡ ሦስት ሞክረው አንዱን መረጡ።

ክራንኩን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱንም ኦይል ሲል ቀየሩ፤ አንዱ ከደከመ ወንድሙም ደክሟል ብለው። ጓርኒሲዮኖቹን፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ መሃል የሚገቡትን መዝጊያዎች፣ ከወረቀት በእጃቸው ቆረጡ። ጎን ለጎን የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ ተማሪያቸው። ፍሪሲዮኑን የገጠመችው እሷ ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም። ካሁኑ ስሟን ያዙ እላችሁ ነበር፤ ግን ሁለቱም "ስማችንንም ስልካችንንም እንዳትጽፍ" ብለውኛል።

አንድ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ሞተሯ የጃፓን ናት። ጥገናው ግን በጣሊያንኛ ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። ጋሼ ይህን ስላቸው "እሷ የምትሰማው በጆሮዋ ነው፣ የኛን ቋንቋ ምን ታደርገዋለች" አሉኝ። ከዚያ ሰርባተዮው ላይ ያለውን የያማሃ ምልክት በጣታቸው ነኩ። ሦስቱ የተቆላለፉ ሹካዎች የሙዚቃ መቃኛ ናቸው። ኩባንያው ሙዚቃ መሣሪያ ሲሠራ ነው የኖረው፤ የሞተር ሳይክሉ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የዲቲዎች ሁሉ ታላቅ የሆነችው 250ዋ ዲቲ 1 የወጣችው ደግሞ በ1968። ጋሼ ለያማሃ ያደላሉ። ሆንዳን ስጠራባቸው ፊታቸውን አኮማተሩ። "ሆንዳ ሲጂ 125ን የሠሩት እንደኔ ያለ ሰው እንዳይፈለግ ብለው ነው" አሉ። አልተሳሳቱም። ያቺ ሞተር ብዙ ጥገና ለማያገኝ አገር ታስባ የተሠራች ናት። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች የሷን ሞተር እየቀዱ የተሠሩ ናቸው። ጋሼ እነሱንም ይሠራሉ። ግን ዝም ብለው ነው የሚሠሩት፤ አይጫወቱም።

ሲጨርሱ አሮጌዎቹን ኦይል ሲሎች በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስንጥቁን በጥፍሬ እንድነካው አደረጉ። የከፈልኩት ከነዕቃው 6,200 ብር ነው። ጨምሬ ልስጥ ብል ተቆጡ። ቡና ግን ጠጥተንበታል።

በነጋታው ቅዳሜ ማለዳ ባለቤቴን ከኋላ ጫንኳት። ከመነሳታችን በፊት ጎንበስ ብላ የቤንዚን መክፈቻውን አየች። ቸርችልን ወረድን፣ ለገሃር አንበሳው ጋ ዞርን፣ ተመለስን። ዳገቱን እስከ ማዘጋጃ ቤት ማርሽ አንዴ ብቻ ቀንሼ ወጣኋት። ከኋላችን ጭስ የለም። እሷ ምንም አላለችም፤ ትከሻዬን ብቻ ሁለቴ መታ መታ አደረገችኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ይህን እንደማያነቡ አውቃለሁ። ተማሪዎ ታንብብልዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ።

ለእናንተ ደግሞ፦ የቆየ ያማሃ፣ ሱዙኪ፣ ካዋሳኪ ያላችሁ፣ ከተክለሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የመለዋወጫ ሻጮቹን "የጃፓን ሞተር የሚሠሩት ጋሼ" በሏቸው፤ ያደርሷችኋል። ፈጣን አይደሉም። ከቸኮላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ወር በገባ በ24 አይሠሩም፤ ተክለሃይማኖት ነው። ዋጋ አስቀድመው አይናገሩም፣ ምክንያቱም ሳያዩ አይገምቱም። እና ሞተራችሁን አሙቃችሁ እንዳትሄዱ። ቀዝቃዛ እያለች ስትነሳ መስማት ይፈልጋሉ። አሙቆ የመጣ ሰው ሲያጋጥማቸው ሁለት ሰዓት ያስጠብቁታል።